የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተርና የእኔ አንድ ገጽ ሪፖርት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ ክፍል ባዶ የቶነር ካርቶንና የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት ነበር። ወንበሮቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋሁና ጠረጴዛ አስገባሁ። ከንብረት ክፍል አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና አንድ የኬብል መፈተሻ ፈርሜ ተረከብኩ። መደቤ «ጀማሪ የአይሲቲ ባለሙያ» ይላል። ለእናቴ ስደውልላት ጀማሪ የሚለውን ዘልዬ ነው የነገርኳት።

መሥሪያ ቤቱ ሐዋሳ መሃል ከተማ ያለ የልማት ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬያለሁ። ፈርቼ አይደለም። ፍርሃቴን ያኔ ጨርሼዋለሁ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ያን ቀን ከቢሮ ቢሮ ያዞሩኝ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ተክሉ ነበሩ። መዝገብ ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «እኚህ ወይዘሮ ወርቅነሽ ናቸው። እሳቸውን ካስቀየምክ ፋይልህ የት እንደገባ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። ሴትዮዋ ሳቁ። ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ቀጭን ነህ ልጄ፤ ምሳ ትበላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እበላለሁ አልኩ። «አይመስልም» አሉ።

እዚያ ቤት ኢሜይል ማለት ወረቀት ነበር። አለቆቹ ኢሜይል አይከፍቱም። የሚከፍቱት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። ጠዋት ይመጣሉ፣ የሰባቱን አለቆች ኢሜይል በየተራ ያትማሉ፣ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም ይመታሉ፣ ቁጥር ይሰጣሉ፣ በአቃፊ አድርገው ወደየቢሮው ያደርሳሉ። አለቃው ዳር ላይ «ይመለስለት» ብሎ ይጽፋል። አቃፊው ይመለሳል፣ እሳቸውም መልሱን ተይበው ይልካሉ። እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ አገር ስንት መሥሪያ ቤት እንዲህ እንደሚሠራ በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

በገባሁ በሦስተኛው ወር አቶ ተክሉ ጠሩኝ። «እትዬ ወርቅነሽ አንዱን ዘግተው ሌላውን ሲከፍቱ ጠዋቱ ያልቃል። ሰባቱንም በአንድ ላይ የሚያሳይ ነገር የለም?» አሉኝ። አለ አልኩ። ጎበዝ መባል ፈልጌ ነበር። ኮምፒውተራቸው ላይ የኢሜይል ማንበቢያ ፕሮግራም ጫንኩና ሰባቱንም አካውንት አስገባሁ። ፓስወርዶቹን እኔና እሳቸው ቢሮ ለቢሮ እየዞርን ነው የሰበሰብናቸው። አንዱ የልጁን ስም ነገረን፣ አንዱ የመኪናውን ታርጋ። እትዬ ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው አሰፈሯቸው። ፕሮግራሙም ፓስወርዶቹን እንዲያስታውስ አደረግኩት። ትእዛዙ በቃል ነበር። ወረቀት የጠየቀም፣ የሰጠም የለም።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። እኔ ከፍተኛ ባለሙያ ተባልኩ። አቶ ተክሉ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እትዬ ወርቅነሽ ሠላሳ አንደኛ የሥራ ዓመታቸውን ያዙ፤ ለጡረታ አንድ ዓመት ከምናምን ነበር የቀራቸው። ያ ፕሮግራም በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረም። የማያስቸግር ነገር ደግሞ ይረሳል። እኔም ረሳሁት።

አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅ መጡ። ዶክተር ናቸው፤ እኛም ዶክተር እንላቸዋለን። በሁለተኛው ወራቸው ኢሜይላችን የሚቀመጥበት አሮጌው ሰርቨር በአዲስ እንዲተካ ወሰኑ። ደግ አደረጉ፤ አሮጌው ማሽን እንደ ወፍጮ ነበር የሚጮኸው። አብሮ አንድ ሰርኩላር ወጣ፦ ፓስወርዱን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። አዲሱን ፓስወርድ ለእያንዳንዱ ሰው በታሸገ ፖስታ አደልኩ። ለአለቆቹ በእጃቸው፣ በፊርማ።

ሰርቨሩን የሚተክለው ብሩክ የሚባል መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል። እሑድ ከሰዓት የድሮውን ኢሜይል ሁሉ ወደ አዲሱ አሻገርን። ሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን ነገር አስተካከለና፣ «ጨርሰናል፣ ሰው ይግባ» አለ።

ማን ይግባ! አንድ ሰው አልገባም። ከዶክተሩ እስከ ግምጃ ቤት ጸሐፊዋ ድረስ ፓስወርድ የሚያስገባው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልኬ እሳት ሆነ። ብሩክ ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አበራው። እኔ ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ የሚያገናኘውን ስዊች አየሁ፣ ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ፖስታዎቹ ተምታተው እንደሆነ ዝርዝሩን አመሳከርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስንዳክር ዓይኔ በአጋጣሚ የሰርቨሩ ስክሪን ግርጌ ላይ አረፈ። ሰዓቱ ገና ንጋት ነው የሚለው።

«ብሩክ፣ ሰዓቱን በምን ሞላኸው?» አልኩት።

የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲል አይቶ፣ ሦስት ከሩብ ብሎ ሞልቶታል። ማሽኑ ደግሞ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያውቀው፤ ለእሱ ዘጠኝ ከሩብ መሆን ነበረበት። ሰርቨሩ ሰዓቱ ከእሱ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚለይን ኮምፒውተር አያምንም፤ የእኛ ሁሉ በስድስት ሰዓት ተለይቶበታል። አስተካከልኩት። በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱ ሁሉ ገባ።

ብሩክ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። እኛም ሳቅን። አቶ ተክሉ ወሬውን ሰምተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ሐይቅ ዳር ወስደው ዓሣ ጋበዙት። «ሐበሻ ሰዓት አስተማርከው እኮ ማሽኑን!» አሉት። መሥሪያ ቤቱን ግማሽ ቀን ያቆመው ስህተት በአንድ የዓሣ ግብዣ ተወራረደ። ይህን ልብ በሉልኝ። ብሩክ በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ማክሰኞ ሌላ ነገር መጣ። ተራው ሠራተኛ ሁሉ ደህና ይገባል። የማይገቡት፣ ከሰርኩላሩ ወዲህ ኢሜይላቸውን ራሳቸው መክፈት የጀመሩት አለቆቹ ናቸው። የዶክተሩን አካውንት ሳየው ተቆልፏል። እከፍታለሁ፣ ይገባሉ፣ ሻይ ሳይጠጡ እንደገና ይቆለፋል። የአቶ ተክሉም እንደዚያው። የፋይናንስ ኃላፊውም፣ የዕቅድ ኃላፊውም። ሰባቱም።

«ማቴዎስ፣ ይህ ሰርቨር ሹመት ነው እንዴ የሚጠላው?» አሉኝ ዶክተሩ። መጀመሪያ በቀልድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ቀልዱ ጠፋ። «ሰው እየሞከረብኝ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ኢሜይሌን ሊሰብር እየሞከረ ነው። ማን እንደሆነ አምጣልኝ።»

በዚያ ሁሉ ሩጫ መሃል እትዬ ወርቅነሽ ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ነበር። «ልጄ፣ የእኔ ኮምፒውተር አንድ ትንሽ መስኮት እያመጣ ያስቸግረኛል» አሉ። «እትዬ፣ አሁን አለቆቹን ይዣለሁ። ነገ እመጣለሁ» አልኳቸው። ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ አላነሳሁትም።

ረቡዕ ጠዋት የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ፣ ሎግ የምንለውን፣ መስመር በመስመር አነበብኩ። አዲሱ ሰርቨር አምስት ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ ካየ አካውንቱን ይቆልፋል። አሮጌው ይህ አመል አልነበረውም። የተሳሳቱት ሙከራዎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ሁሉም ግን ከአንድ ኮምፒውተር ነው የሚመጡት። የኮምፒውተሩን ቁጥር በስዊቹ ላይ ተከተልኩ፣ ከስዊቹ ኬብሉን ተከተልኩ። ኬብሉ ኮሪደሩን አቋርጦ መዝገብ ቤት ገባ።

በሩን ስከፍት ገባኝ። ወይ ጉድ! ዘጠኝ ዓመት የረሳሁት ነገር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ የጫንኩት ፕሮግራም፣ እኔ ያስገባሁት ሰባት አካውንት፣ እኔ አስታውስ ያልኩት የድሮ ፓስወርድ። በየጥቂት ደቂቃው ሰባቱንም በር ያንኳኳል፣ ሰባቱም ይቆለፋሉ።

«ይሄውልህ መስኮቷ» አሉ እትዬ። «ትመጣለች፣ እኔም እሺ እላታለሁ፣ ተመልሳ ትመጣለች። ከሰኞ ወዲህ አንድ ኢሜይል አልገባልኝም። ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም እትዬ። ኮምፒውተሩ ነው» አልኩ። አካውንቶቹን ከፕሮግራሙ አጠፋሁ። የሰባቱን ቁልፍ ፈታሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድም አካውንት አልተቆለፈም።

ዶክተሩ ከምሳ በፊት የጽሑፍ ሪፖርት አሉኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የተሳሳቱት የመግቢያ ሙከራዎች በሙሉ የመጡት በወይዘሮ ወርቅነሽ ስም ከተመዘገበው የመዝገብ ቤት ኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የሰባት ኃላፊዎች አካውንት ይገኛል። አካውንቶቹ ተወግደዋል፤ ችግሩ ተፈትቷል።» ማን እንደጫነው አልጻፍኩም። ዋሽቼ አይደለም፤ ቢጠይቁኝ እናገራለሁ ብዬ ነው። ሰርኩላሩ ገና ሰሌዳው ላይ ነበር። የራሴን ስም እዚያ ገጽ ላይ ለማስፈር እጄ አልታዘዘም።

እኔ የጻፍኩት የማሽን ነገር ነበር። ዶክተሩ ያነበቡት የሰው ነገር ነው፦ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሰባት አለቆችን ኢሜይል ስትሰብር ተያዘች። እስቲ አስቡት፤ ማኅተም የተመታበት ኢሜይላቸው ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ ማን ያተመው መስሏቸው ነበር? በኋላ ስጠይቅ፣ የራሳቸው ጸሐፊ ናት ብለው ነበር አሉ። ፓስወርዱንም ከቀድሞው ሥራ አስኪያጅ እንደተረከቡት ነበር የያዙት። ማን ማን እንደሚያውቀው አልጠየቁም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ተክሉ።

እትዬ ወርቅነሽ እውነቱን ተናገሩ። አለቆቹ ራሳቸው ፓስወርዳቸውን እንደሰጧቸው፣ በየቀኑ እያተሙ እንደሚያደርሱ። ፕሮግራሙን ማን እንደጫነው መናገሩን ግን ለእኔ ተዉት። ኮሚቴው አለቆቹን በተራ ጠየቀ። አንዱ «ትዝ አይለኝም» አለ። ሌላው «በጽሑፍ የሰጠሁት ነገር የለም» አለ። ሁሉም ሰርኩላሩን አንብበዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? ዶክተሩን የፈራ ሁሉ በሴትዮዋ ላይ አረፈ።

እትዬ ንጹሕነታቸውን ላስረዳ ብለው ያንን ደብተር ይዘው ሄዱ። «ይኸው፣ የሰጡኝን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ ብሰርቅ ኖሮ እንዲህ በግልጽ እጽፍ ነበር?» አሉ። ደብተሩ በእሳቸው እጅ የተጻፈ የሰባት ሰው ፓስወርድ ነው። ኮሚቴው ተቀብሎ ማስረጃ አንድ አለው።

እኔን በምስክርነት ጠሩኝ። አቶ ተክሉ ሪፖርቴን ከፊታቸው ዘርግተዋል።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ሙከራው የመጣው ከእሳቸው ኮምፒውተር ነው፣ አይደለም?»

«ነው። ግን...»

«ግን የሚለውን ስንጠይቅህ ትነግረናለህ። አመሰግናለሁ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት አያውቁም። እትዬ ወርቅነሽ እጃቸውን አጣምረው እኔን ያያሉ። እንድናገር እየጠበቁ ነበር። ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ አቶ ተክሉ ቢሮ ሄድኩ። «እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ?» አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ በቃል ነው ያልኩህ፤ በእጅህ የጫንከው አንተ ነህ። ወረቀት አለህ?» አሉ። «ሁለት ልጆች አሉህ ማቴዎስ» አሉኝ፣ እንደ አሳቢ ሰው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» እኔም ተረቱን ሰምቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ያን ቀን ለራሴ የሰጠሁትን ስም እዚህ አልጽፈውም።

እትዬ ወርቅነሽ ተባረሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ደብዳቤ። ደብዳቤውን ቁጥር ሰጥተው ወጪ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው፤ የሚተካቸው ሰው ገና አልመጣም ነበር። ማኅተሙን መትተው፣ ቅጂውን ፋይል አድርገው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። አንድም ሰው አልሸኛቸውም። እኔ በመስኮት አየሁ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። «በሰው ደብዳቤ ስትገባ ተይዛ» ነው የሚባለው። በቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች ጸሎት ቡድን መሪ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ነገሩ እስኪጠራ ትንሽ ይረፉ አሏቸው። ይህን የነገረችኝ ታቦር ሰፈር ጎረቤቴ የሆነች የዚያው ቡድን አባል ናት። ባጃጅ ውስጥ ሆና እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ከዚያ ነገር ጋር ምን እንዳለኝ አታውቅም። ሳልደርስ ወረድኩ።

ሁለት ወር ቆይቼ ለዶክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። አሁን ሁሉንም ጻፍኩት፦ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደጫነ፣ ፓስወርዶቹ እንዴት እንደተሰበሰቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ዛሬ ይጠሩኛል፣ ነገ ያባርሩኛል ብዬ ሰነዶቼን ሰበሰብኩ፣ ለሚስቴም ነገርኳት። በሳምንቱ ደብዳቤዬ ተመለሰ። ዳሩ ላይ በዶክተሩ እጅ «ታይቷል። ከፋይል ጋር ይያያዝ» ይላል። አለቀ። አቶ ተክሉ አልተጠሩም። እኔም አልተጠየቅሁም። ያ ሁሉ ያንቀጠቀጠኝ ነገር አንድ ማያያዣ ብረት ነበር ዋጋው። እኔን የሚነካኝ ሰው እንዳልነበረ ሳውቅ ንዴቴ በማን ላይ ይሁን? ቀድሜ ብናገር ምን እሆን ነበር? ምንም!

ከዚያ በኋላ ነው ከከተማው ዳር ቱላ፣ እትዬ ቤት የሄድኩት። እትዬ ወርቅነሽ ከጓሮ ጎመን ሲኮተኩቱ ደረስኩ። መቆፈሪያውን አጥር ላይ አስደግፈው እጃቸውን ታጠቡና ወንበር አወጡልኝ። ባለቤታቸው ሰላም ብለውኝ ወደ ውስጥ ገቡ፤ አልወጡም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት እትዬ» አልኩ።

«ስለ ምኑ?»

«ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ኮሚቴው ፊት አንብበውልኛል» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የፕሮግራሙን ነገር ትናገራለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር።»

«ፈራሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ደብዳቤ መጻፌን ነገርኳቸው። ከፋይል ይያያዝ መባሉን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፋይል ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ለምን ይግባኝ አላሉም?» አልኳቸው። «ጊዜው ሳያልፍ።»

«ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ነበር እኮ። የሪፖርትህን ቅጂ ሰጠሁት። አንብቦ ሲያበቃ፣ የቱ ጋ ነው ውሸቱ አለኝ። እኔም አነበብኩት፣ ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። አንዲት ቃል ውሸት ቢኖርበት ይዤው እከራከር ነበር።» ወደ ጎመኑ አዩ። «እኔን ያስወጣኝ እውነት ነው ልጄ። እውነትን በምን ልክሰሰው?»

ያን መሥሪያ ቤት በዓመቱ ለቀቅኩ።

በዚህ ሙያ ያላችሁ ብልሽት ፈልጋችሁ ስታገኙ ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ማሽኑ ምን እንዳደረገ ብቻ አትጻፉ። ማን እንዳዘዘና ማን እንደጫነው ጻፉ። የጫናችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ከማንም ስም በፊት የራሳችሁን ጻፉ።